የሰፈር እድር፦ ግዴታው፣ ነፃነቱና የኮሚቴ ጥርጣሬ

እድር ጎረቤታሞች ሞት ሲደርስባቸው ቀብር ለማስፈጸምና ሐዘንተኛውን ለማስተዛዘን በመዋጮ የሚያቆሙት ማኅበር ነው። የመሥሪያ ቤት፣ የሴቶች፣ የተወላጆችና የጓደኛሞች እድርም አለ። አንድ ቤተሰብ በሁለትና በሦስት እድር መመዝገቡም የተለመደ ነው። የሰፈሩ እድር የአባሉን ጊዜና ኪስ አጥብቆ ይይዛል፤ ያም ሆኖ ስብሰባ ጠርቶ ሰው የማያጣ እሱ ነው። የቀበሌ ወይም የበጎ አድራጎት ኮሚቴ በዚያው ሰፈር ስብሰባ ሲጠራ ግን ብዙው ሰው በሩን ዘግቶ ይቀመጣል።

አሠራሩ በመተዳደሪያ ደንብ የታሰረ ነው። ጠቅላላ ጉባኤው ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ንብረት ያዥና ሒሳብ መርማሪ ይመርጣል። አዲስ ገቢ ከወር መዋጮው በተጨማሪ የመግቢያ ይከፍላል። ይህ ክፍያ ብዙ ጊዜ የሚሰላው ያለውን ጥሬ ገንዘብና ንብረት ለአባላት ቁጥር በማካፈል ነው፤ ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስትና ሳህን ያከማቸ ነባር እድር ውስጥ መግባት ውድ የሚሆነውም ለዚህ ነው። በዛሬ ገብቶ በነገው ሞት ገንዘብ የሚጠይቅ እንዳይኖር የጥበቃ ጊዜ ይጣላል። የሚከፈለው ገንዘብ እንደ ዝምድናው ይለያያል፦ ለአባሉ፣ ለትዳር ጓደኛና ለልጅ ከፍ ያለ፣ ለወላጅ መካከለኛ፣ ለወንድምና ለእኅት ዝቅ ያለ ነው። አማትና አማች ይገቡ እንደሆነ በደንቡ ካልተጻፈ ጠቡ የሚነሳው ድንኳኑ ሥር ነውና አስቀድሞ ቢጻፍ ይሻላል።

ከገንዘቡ የሚከብደው የአካል ግዴታው ነው። ጥሩምባ ነፊው ማለዳ ሲያስታውቅ፣ አሁን አሁን ደግሞ በስልክ መልእክት ሲነገር፣ አባሉ ቀብር ይወጣል፤ ስም ሲጠራ «አቤት» ይላል፤ ተራው ሲደርስ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ይሸከማል። የቀረ ይቀጣል። የወራት መዋጮ የተጠራቀመበት ከጥቅም ይታገዳል፤ በማስጠንቀቂያ ያልታረመም ይሰረዛል። ሴቶቹ በራሳቸው እድር ንፍሮውን፣ እንጀራውንና ወጡን ይከፋፈላሉ፤ የድካሙ ትልቁ ክፍል እነሱ ላይ መውደቁን ግን ከደንቦቹ አብዛኞቹ አይጠቅሱትም።

ይህን ሁሉ የሚያስገድድ ሕግ የለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 31 በማኅበር የመደራጀት መብት ይሰጣል። አንቀጽ 13 ደግሞ መብቶቹ ከሁሉ አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ጋር ተጣጥመው እንዲተረጎሙ ያዛል፤ የመግለጫው አንቀጽ 20 ማንም ሰው የማኅበር አባል እንዲሆን እንደማይገደድ ይናገራል። በተግባር ግን «እድር የለውም» መባል ቀላል ነገር አይደለም። ተከራይ ወይም አዲስ ነዋሪ ፈልጎ ሳይሆን ፈርቶ የሚገባበት ጊዜ አለ። ነፃነቱን የሚያተርፈው የግዴታው ጥበት ነው፦ እድር ከአባሉ የሚፈልገው ለቀብርና ለሐዘን ብቻ ነው፣ መጠኑ አስቀድሞ ይታወቃል፣ የዛሬው ሸክም በራሱ ሐዘን ቀን ይመለስለታል። ሃይማኖቱንም ሆነ ፖለቲካውን ባይጠይቀው ይወዳል።

ቀበሌ ይህን ድንበር አላከበረም። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወረስ ቀበሌ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሆኖ ነበር የተቋቋመው። ብዙም ሳይቆይ ስኳርና ዘይት በራሽን የሚያድል፣ መታወቂያ የሚሰጥ፣ በቀይ ሽብር ጊዜም በአብዮት ጥበቃ ጓዶች ቤት የሚያስፈትሽና የሚያሳስር ሆነ። በ2003 ዓ.ም. ገደማ የተስፋፋው የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ደግሞ ጤናና ልማት እያስተማረ ማን ምን እንደሚያስብም የሚመዘግብ ተደርጎ ተጠረጠረ። ስለዚህ «የማኅበረሰብ ተወካይ ነኝ» የሚል ሰው መዝገብ ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ ማን እንደላከው ነው። ጥርጣሬው አንዳንዴ ያለ አግባብ ይበዛል፤ ለክትባት ወይም ለወላጅ አልባ ሕፃናት የመጣንም አብሮ ይመልሳል።

እድርን ለልማት መጠቀም የሚፈልጉ ብዙ ናቸው፤ ስሙ የታመነ፣ የአባላት መዝገቡም የተሟላ ነውና። ኤች አይ ቪ በተስፋፋበት ዘመን በርካታ እድሮች ሕሙማንንና ወላጅ ያጡ ልጆችን በመርዳት ጥሩ ሠርተዋል። የተሳካላቸው የልማቱን ገንዘብ በተለየ ሒሳብ የያዙ፣ መዋጮውን በፈቃድ ያደረጉና ያልከፈለውን ከቀብር ጥቅም ያላገዱ ናቸው። ዳኛው በራሱ ውሳኔ ለበዓል፣ ለጥበቃ ወይም ለድጋፍ ሰልፍ ገንዘብ ሲያወጣ ግን አባሉ ፊት ለፊት አይቃወምም፤ መዋጮውን ያዘገያል፣ ከስብሰባ ይቀራል፣ በመጨረሻም ከጓደኞቹ ጋር ሌላ እድር ያቆማል።

አዋጅ ቁጥር 621/2001ም ሆነ የተካው 1113/2011 እድርንና እቁብን ከሲቪል ማኅበራት ሕግ ውጭ አድርገዋል። ይህ ከከባድ ሪፖርት ያድናቸዋል፤ በሌላ በኩል ሒሳባቸውን ከውጭ የሚመረምር የለም። የተለመደው ብልሽት ገንዘብ ያዡና ጸሐፊው አንድ ሰው ሲሆኑ፣ ወይም ዘመዳሞች ሲሆኑ ነው። መድኃኒቱ አይከብድም፦ ባለሁለት ወይም ባለሦስት ፊርማ የባንክ ሒሳብ፣ ቁጥር ያለው ደረሰኝ፣ በዓመት አንድ ጊዜ የሚነበብ ሒሳብና የሚቆጠር ንብረት። የዋጋ ንረቱ ሌላው ችግር ነው። ከዓመታት በፊት የተወሰነው የሐዘን ክፍያ ዛሬ የአስከሬን ሳጥን እንኳ ላይገዛ ስለሚችል መጠኑ በየጊዜው መከለስ አለበት።

በአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች ሲፈርሱ ነዋሪው በየኮንዶሚኒየሙ ይበተናል፤ ብዙዎች ግን የድሮውን እድራቸውን አይለቁም፣ ለቀብር በሁለትና በሦስት ታክሲ ይመጣሉ። አሜሪካ ባሉ ኢትዮጵያውያን እድሮች ዋናው ወጪ አስከሬን ወደ አገር ቤት መላክ ነው። አንዳንዶቹ ወርኃዊ መዋጮ ትተው ሞት ሲደርስ ብቻ ያዋጣሉ። በዚህ አሠራር በእድሩ ካዝና ውስጥ የሚያጓጓ ገንዘብ አይቀመጥም፤ ገንዘቡ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚሰበሰበው ግን የአባላቱ ስልክና አድራሻ በየጊዜው ከታደሰ ብቻ ነው።