ጂፒ ምንድን ነው? እንግሊዝ አገር ቤተሰብ ይዞ ለሚኖር

ጂፒ የቤተሰብ ሐኪም ነው። ሰፈራችሁ ውስጥ ያለ፣ የተመዘገባችሁበት፣ ከሕፃን ክትባት እስከ አያት ደም ግፊት፣ ከጆሮ ሕመም እስከ ድብርት ሁሉንም መጀመሪያ የሚያይ ጠቅላላ ሐኪም። ሐኪሙ የሚሠራበት ክሊኒክም በአጭሩ ጂፒ ይባላል።

እንግሊዝ ያለ ሐበሻ ጂፒ ሲነሳ መጀመሪያ የሚለው ይታወቃል። «ምን ያደርጉልሻል፣ ፓራሲታሞል ሰጥተው ነው የሚሸኙሽ!» ቅሬታው እውነት አለው፣ እመለስበታለሁ። ግን በዚህ ተስፋ ቆርጦ ጂፒን የተወ ቤተሰብ በጣም ይጎዳል። የልብ ሐኪም፣ የቆዳ ሐኪም፣ የነርቭ ሐኪም፣ ኤምአርአይ፣ እነዚህ ሁሉ የሚገኙት በጂፒ ሪፈራል፣ ማለትም ጂፒው ወደ እነሱ ጽፎ ሲልካችሁ ነው። አገር ቤት ገንዘብ ካለን ቀጥታ ስፔሻሊስት ጋ እንሄዳለን። እዚህ ኤንኤችኤስ (የመንግሥት የጤና አገልግሎት) ውስጥ እንደዚያ የለም። ድንገተኛ ክፍል አለ፣ ለእርግዝና ክትትልና ለጭንቀትና ድብርት የንግግር ሕክምና ራስን ማስመዝገብ ይቻላል፣ ከዚያ ውጭ ያለው አብዛኛው ነገር በዚያች የሰፈር ክሊኒክ በኩል ያልፋል።

ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ብዙ ነገር ያስረዳል። ኤንኤችኤስ የተጀመረው ጁላይ 5 ቀን 1948 ነው፣ በጤና ሚኒስትሩ በአኑሪን ቤቫን ጊዜ። ከጦርነት የወጣች፣ ዳቦ በራሽን የምታከፋፍል አገር ናት «ማንም ሲታመም በሩ ላይ ገንዘብ አይጠየቅም» ብላ የወሰነችው። ወጪው በዋናነት ከታክስ፣ ከፊሉም ከደመወዝ ከሚቆረጠው ከናሽናል ኢንሹራንስ ይሸፈናል። ከስድስት ወር በላይ በሚያቆይ ቪዛ የሚመጣ ሰው ደግሞ፣ የጤና ሠራተኞች ቪዛን የመሳሰሉ ነጻ የሆኑ ባይጠፉም፣ ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ለአንድ አዋቂ በዓመት 1,035 ፓውንድ አስቀድሞ ይከፍላል። ስለዚህ ክሊኒክ ስትገቡ ማንም እየመጸወታችሁ አይደለም። ይሉኝታውን በር ላይ ተዉት።

ክሊኒኩ የሚከፈለው ደግሞ በዋናነት በተመዘገበው ሰው ብዛት ነው። አንድ ጊዜ ሄዳችሁ አሥር ጊዜ፣ ሐኪሙ ደም አስመረመራችሁ አላስመረመራችሁ፣ ገንዘቡ ያን ያህል አይለይም። አገር ቤት የግል ክሊኒክ ስንገባ ላብራቶሪ፣ አልትራሳውንድ፣ የመርፌና የክኒን ማዘዣ ይዘን እንወጣለን፣ ያንንም እንደ ጥሩ ሕክምና እንቆጥረዋለን። እዚህ ሐኪሙ ብዙ ምርመራ በማዘዝ የሚያተርፈው የለም። ደግነቱ፣ ያላስፈለጋችሁን አይሸጥላችሁም። ክፋቱ፣ የሚያስፈልጋችሁንም አንዳንዴ እስክትወተውቱ ይዘገያል። ሁለቱንም አውቆ መግባት ነው።

ምዝገባው ላይ ብዙ ሰው ሳያስፈልግ ይሰቃያል። እንግሊዝ ውስጥ የሚኖር ማንኛውም ሰው ጂፒ መመዝገብ ይችላል። ፓስፖርት፣ የአድራሻ ማረጋገጫ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ማቅረብ ግዴታ አይደለም። ወረቀት የሌለው ሰውም ይመዘገባል፣ ጂፒ ጋ መታየትም በነጻ ነው። ክሊኒኩ «ሞልተናል» ወይም «ከክልላችን ውጭ ነህ» ብሎ ሊመልስ ይችላል። ግን አልመዘግብም ካለ ምክንያቱን በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መስጠት አለበት። ሪሴፕሽን ላይ «ፓስፖርት ከሌለህ አይሆንም» የተባለ ሰው አንገቱን ደፍቶ እንዳይመለስ ይህን ማወቁ ይበቃዋል። «ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡኝ» ማለት ብቻ ብዙ ጊዜ ነገሩን ያስተካክላል። ሆቴል ያላችሁ ጥገኝነት ጠያቂዎችም ሆም ኦፊስ (የጥገኝነት ጉዳይ የሚይዘው መሥሪያ ቤት) ከከተማ ከተማ ባዛወራችሁ ቁጥር አዲሱ ቦታ ተመዝገቡ። የሕክምና ታሪካችሁ በኤንኤችኤስ ቁጥራችሁ ይከተላችኋል።

ሆስፒታል ግን ሌላ ነው። በሕግ እዚህ ነዋሪ ተብሎ ያልተቆጠረ ሰው ሪፈር ተደርጎ ሆስፒታል ሲታከም ሊከፍል ይችላል። ስደተኛ ሆኖ የተፈቀደለትና ጉዳዩ ገና እየታየ ያለ ጥገኝነት ጠያቂ አይከፍሉም።

ቀጠሮ ማግኘት የሁላችንም ራስ ምታት ነው። በዚህ አገር አቆጣጠር ጠዋት ልክ 8 ሰዓት ስልኩ ይከፈታል፣ ሁሉም አንድ ላይ ይደውላል፣ ተራችሁ ሲደርስ የዛሬው አልቋል ትባላላችሁ። ልጅ እያተኮሰው፣ ሌላኛውን ትምህርት ቤት ለማድረስ እየተሯሯጣችሁ፣ ስልኩን በትከሻ ይዞ መጠበቅ ምን እንደሆነ የቤተሰብ ሰው ያውቀዋል። ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ እንግሊዝ ያሉ ክሊኒኮች የኦንላይን ጥያቄ መቀበያቸውን ከጠዋት 8 ሰዓት እስከ ምሽት 6:30 ክፍት ማድረግ ግዴታቸው ሆኗል። እንግሊዝኛ የሚያስቸግራችሁ ካልሆነ፣ አጭርና ግልጽ አድርጋችሁ በዚያ ብትጽፉ ይሻላል። ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ሰው «ምን ሆነህ ነው?» ስትል ቅር የሚላቸው አሉ። የምትጠይቀው ወደ ሐኪም፣ ወደ ነርስ ወይም ወደ ፋርማሲ እንደምትመራችሁ ለመወሰን ነው። ነገሩ የግል ከሆነ «የግል ጉዳይ ነው» ማለት ይቻላል።

ፋርማሲውን ደግሞ አትናቁት። ከጃንዋሪ 2024 ወዲህ ለጉሮሮ ሕመም፣ ለልጆች የጆሮ ሕመም፣ ለሳይነስ፣ ለሴቶች የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንና ለመሳሰሉት ሰባት ሕመሞች ፋርማሲስቱ ራሱ ዓይቶ፣ ካስፈለገ አንቲባዮቲክም መስጠት ይችላል። የዕድሜ ገደብ ያላቸው አሉ፣ ጠይቁ።

አሁን በጣም ወደሚያንገበግበኝ ነገር። ልጆቻችንን አስተርጓሚ አናድርግ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ እናቷ ስለ ማህፀኗ ደም የምትናገረውን ለወንድ ሐኪም ስትተረጉም ማየት ያማል። እናትየው ልጇ ፊት ግማሹን ትውጠዋለች። ልጅቷም የማይገባትን ትዘላለች፣ ወይም እንዳትደነግጥባት ብላ አለስልሳ ትነግራታለች። ባል ለሚስት ሲተረጉምም ያው ነው፤ ቤት ውስጥ ችግር ያለ እንደሆነ እሷ በምን አፏ ትናገራለች? ኤንኤችኤስ አስተርጓሚ በነጻ ያቀርባል። አማርኛ አለ፣ ትግርኛ አለ፣ ኦሮምኛ አለ፣ ብዙ ጊዜ በስልክ ነው። ቀጠሮ ስትይዙ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ» በሉ። ጊዜ ስለሚወስድም ረዘም ያለ ቀጠሮ ጠይቁ። ሴት አስተርጓሚ መጠየቅም ይቻላል። ሰው አውቆኝ ወሬዬ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል ብላችሁ ከፈራችሁ፣ አስተርጓሚው ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፣ በስልክ ሲሆን ደግሞ ስማችሁ እንዳይነገረው መጠየቅ ትችላላችሁ። ሌሊት ወደ 111፣ የኤንኤችኤስ የሕክምና ምክር ስልክ፣ ስትደውሉም አስተርጓሚ ይሰጣችኋል።

አስተርጓሚ ኖረም አልኖረም ያለችው ጊዜ ትንሽ ናት፣ ብዙውን ጊዜ አሥር ደቂቃ። እኛ ደግሞ ከጤና ይስጥልኝ ጀምረን፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ብርዱ አውርተን፣ ዋናው ሕመም በመጨረሻ ልንወጣ ስንል ትዝ ይለናል። ዋናውን በመጀመሪያ ተናገሩ። መቼ ጀመረ? ምን ከመሥራት አገዳችሁ? ክብደት ቀንሳችኋል? ደም ዓይታችኋል? «ምች መታኝ» ወይም «ጨጓራዬ ነው» ብላችሁ ራሳችሁ ከደመደማችሁ ሐኪሙ የሚይዘው የለውም። የት ቦታ፣ በምን ሰዓት፣ ስትበሉ ነው ወይስ ስትተኙ፣ እሱን ንገሩት። የምትፈሩት ነገር ካለም አውጡት። «አባቴ በጉበት ነው የሞተው፣ እሱ እንዳይሆን ፈርቼ ነው» ማለት ምንም አያሳፍርም።

ዳማከሴ፣ ፌጦ፣ ጥቁር አዝሙድ የምትወስዱ ከሆነም ተናገሩ። ጠበል የምትሄዱ ከሆነም እንዲሁ፣ ብቻ ክኒኑን አታቋርጡ። ሁዳዴ ወይም ረመዳን ከመግባቱ በፊት የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ያላቸው እናትና አባት ጂፒውን ወይም ፋርማሲስቱን ያማክሩ፣ ሰዓቱና መጠኑ ሊቀየር ይችላል። ጾሙን እየደበቁ መድኃኒቱን በራስ ማዛባት ነው አደጋው።

ወደ ፓራሲታሞሉ ልመለስ። ጉንፋን፣ አብዛኛው ሳል፣ አብዛኛው የልጆች ትኩሳት በቫይረስ የሚመጣ ነው። አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካም። አለቦታው በተወሰደ ቁጥር ደግሞ ባክቴሪያው እየለመደው ይሄዳል፣ አንድ ቀን በእርግጥ ሲያስፈልግ እንቢ ይላል። ስለዚህ ሐኪሙ «ፓራሲታሞል፣ ፈሳሽ፣ ዕረፍት» ሲል ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። ግን የሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካተኮሰው ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ወዲያው ጂፒ ወይም 111 ይደወላል። ትንፋሽ ካጠረው፣ ከደነዘዘና አልነቃም ካለ፣ ወይም ብርጭቆ ሲጫኑበት የማይጠፋ ሽፍታ ካወጣ የሚደወለው ወደ 999፣ ወደ ድንገተኛው ስልክ ነው።

«ትክክል ነው» ስል ግን ተሸኝታችሁ ዝም በሉ ማለቴ አይደለም። ሕመሙ ካልተሻለ ተመለሱ። እኛ ጋ ትልቁ ችግር ይሄ ይመስለኛል፤ አንዴ ከተሸኘን በኋላ «ምንም የለብህም ብለውኛል» ብለን እስኪብስ እንቀመጣለን። በሴፕቴምበር 2025 እንግሊዝ ውስጥ «ጄስስ ሩል» የሚባል አሠራር ተጀመረ። ስሙ በ2020 መጨረሻ በ27 ዓመቷ በካንሰር ከሞተችው ከጄሲካ ብሬዲ የመጣ ነው። ደጋግማ ጂፒዋን ጠይቃ ነበር፣ ካንሰሩ ግን የተደረሰበት ከተሰራጨ በኋላ ነው። አሠራሩ አንድ ሰው በዚያው ሕመም ሦስት ጊዜ መጥቶ ምክንያቱ ካልታወቀ ሐኪሙ ነገሩን እንደ አዲስ እንዲያስብበት ይጠይቃል። ስለዚህ ሦስተኛ ጊዜ ስትሄዱ በግልጽ ንገሩት፦ «ለዚህ ነገር ስመጣ ሦስተኛዬ ነው።» ካልተስማማችሁ ሌላ ሐኪም እንዲያያችሁ ጠይቁ። ክሊኒክ መቀየርም መብት ነው።

ሪፈራል ሲጻፍላችሁ ደግሞ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ዝም ማለት ግን አያዋጣም። ደንቡ ከሪፈራል እስከ ሕክምና 18 ሳምንት ይላል፣ ብዙ ሰው ግን ከዚያ በላይ ይጠብቃል፤ እንግሊዝ ውስጥ ወረፋው ላይ ያለው ጉዳይ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። ካንሰር ከተጠረጠረ መንገዱ ሌላ ነው፣ በ28 ቀን ውስጥ ነው ወይም አይደለም መባል አለባችሁ። ለመጀመሪያው የስፔሻሊስት ቀጠሮ የትኛው ሆስፒታል እንደምትሄዱ የመምረጥ መብት አላችሁ። ሰፈራችሁ ያለው ወረፋው ረዥም ከሆነ ትንሽ ራቅ ያለውን ጠይቁ። ደብዳቤ በወራት ውስጥ ካልመጣ ደውሉ። አድራሻ ስትቀይሩም ለጂፒው ንገሩ። ደብዳቤው የድሮ ቤት ሄዶ፣ «ቀርተሃል» ተብሎ ከወረፋ የወጣ ሰው ስንት ነው!

ልጅ የወለዳችሁ እንደሆነ ሄልዝ ቪዚተር የምትባል ሴት ቤታችሁ ትመጣለች፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ። ሶሻል ሰርቪስ (የልጆችን ደኅንነት የሚከታተለው ክፍል) የላካት መስሏቸው በር የማይከፍቱ እናቶች አሉ። ነርስ ናት። ልጁን ትመዝናለች፣ ስለ ጡት ማጥባት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ እናትየው ሐዘንና ብቸኝነት ታወራለች። ዘመድ በሌለበት አገር አራስ የሆነች ሴት የሚጠይቃት ሰው ማግኘቷ ቀላል ነገር አይደለም። ክትባቱ በ8፣ በ12 እና በ16 ሳምንት ነው የሚጀምረው። የልጁን ቀይ ደብተር፣ ክትባቱና ክብደቱ የሚጻፍበትን፣ በየሄዳችሁበት ያዙ።

መድኃኒት እንግሊዝ ውስጥ ከሜይ 2024 ወዲህ ለአንድ ዓይነት 9.90 ፓውንድ ነው። ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ ነጻ ነው። ከ16 ዓመት በታች፣ እስከ 18 ድረስ ሙሉ ጊዜ ተማሪ፣ 60 የሞላው፣ ነፍሰ ጡርና ከወለደች ዓመት ያልሞላት አይከፍሉም። ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ኤችሲ1 የሚባለውን ቅጽ ሙሉ። በየወሩ ብዙ መድኃኒት የምትገዙ ደግሞ በዓመት 114.50 ፓውንድ ከፍላችሁ ሁሉንም በዚያ መውሰድ ትችላላችሁ።

አንድ የቀረኝ ፖስታው ነው። ከጂፒና ከኤንኤችኤስ የሚመጣውን ፖስታ ሳትከፍቱ አትጣሉት። ከ25 እስከ 64 ላሉ ሴቶች የማህፀን በር ምርመራ ጥሪ ይመጣል። ከ50 ጀምሮ የጡት ምርመራ ጥሪ አለ፣ ለወንድም ለሴትም ደግሞ የአንጀት ካንሰር ምርመራ ዕቃ በፖስታ ቤት ድረስ ይመጣል፤ ከሰገራ ትንሽ ናሙና አድርጎ መልሶ መላክ ነው፣ ማፈር አያስፈልግም። ከ40 እስከ 74 ላለና ቀድሞ የታወቀ ሕመም ለሌለበት በየአምስት ዓመቱ የደም ግፊት፣ የኮሌስትሮልና የስኳር ምርመራ ይደረግለታል። ደም ግፊት ሳያሳምም ለዓመታት ይኖራል፣ ታክሲ እየነዱ፣ ሆቴል እያጸዱ፣ ሌሊት ኬር ሆም እየሠሩ አይታወቅም። አርባ ሞልቷችሁ ጥሪው ካልመጣላችሁ ራሳችሁ ደውሉና «ኤንኤችኤስ ሄልዝ ቼክ» ብላችሁ ጠይቁ።