ስለ ሮማኒያው ባቤሽ-ቦያይ ዩኒቨርሲቲና ስለ አውሮፓ የከፍተኛ ትምህርት ትስስር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሮማኒያ ሄደው ለመማር የሚያስቡ ወጣቶችና በዚያ ካሉ ተቋማት ጋር አብረው ለመሥራት የሚፈልጉ መምህራን ስለ አውሮፓ የከፍተኛ ትምህርት ትስስር ያላቸው ግምት ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ሁሉም ነገር የአውሮፓ ኅብረት መቀመጫ ከሆነችው ከብራስልስ በሚወርድ ትእዛዝ የሚመራ ይመስላቸዋል፣ ወይ ደግሞ ከፊርማና ከፎቶግራፍ የማያልፍ የይስሙላ ሥርዓት አድርገው ያዩታል። ሁለቱም ልክ አለመሆናቸውን ለማሳየት በክሉዥ-ናፖካ ከተማ የሚገኘውን የባቤሽ-ቦያይ ዩኒቨርሲቲን እንደ ማሳያ እንወስዳለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሮማኒያ ከአውሮፓ የትምህርት ዓለም ጋር የተገናኘችው የአውሮፓ ኅብረት አባል ስትሆን ነው»

ሮማኒያ የአውሮፓ ኅብረት አባል የሆነችው ጃንዋሪ 1 ቀን 2007 ነው። በክሉዥ የከፍተኛ ትምህርት ታሪክ የሚጀምረው ግን ከተማዋ የምትገኝበት የትራንሲልቫኒያ ግዛት ልዑልና የፖላንድ ንጉሥ የነበረው ስቴፋን ባቶሪ በ1581 ባቋቋመው የኢየሱሳውያን ኮሌጅ ነው። ከዚያ ኮሌጅ እስከ ዛሬው ዩኒቨርሲቲ ያልተቋረጠ ሐረግ መኖር አለመኖሩ ራሱን የቻለ ክርክር ነው፤ ከተማዋ ከአውሮፓ ሊቃውንት ጋር የነበራት ግንኙነት ግን አያከራክርም።

ዩኒቨርሲቲው የተሰየመባቸውን ሁለት ሰዎች ብቻ መመልከት ይበቃል። ቪክቶር ባቤሽ በቡዳፔስትና በቪየና የተማረ፣ በፓሪስና በበርሊን የሠራ ሐኪምና የባክቴሪያ ተመራማሪ ነበር፤ የእኛም አገር የእንስሳት ሐኪሞች በሚገባ የሚያውቁት፣ በመዥገር አማካይነት ከብት ላይ የሚደርሰው ባቤዚያ የተባለው የደም ጥገኛ ተውሳክ ስሙን ያገኘው ከእርሱ ነው። ያኖሽ ቦያይ ደግሞ በ1802 እዚያው ክሉዥ የተወለደ ሀንጋሪያዊ የሒሳብ ሊቅ ሲሆን፣ ከኤውክሊድ ውጭ የሆነ ጂኦሜትሪ መሥራት እንደሚቻል ካሳዩት ጥቂት ሰዎች አንዱ ነው።

በ1920 ኤሚል ራኮቪጻ የተባለው የእንስሳት ሳይንስ ሊቅ በዚህችው ከተማ በዓለም የመጀመሪያውን የዋሻዎች ጥናት ተቋም ሲያቋቁም፣ ፈረንሳዊውን ሬኔ ዣኔልንና ስዊዘርላንዳዊውን ፒየር-አልፍሬድ ሻፒዩን ከጎኑ አሰልፎ ነበር። እነዚህ ሁለት ተመራማሪዎች በ1932 እና 1933 ወደ ኦሞ ሸለቆ በተደረገው የፈረንሳይ ሳይንሳዊ ጉዞ መሳተፋቸው፣ ክሉዥን ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኝ ብዙ ሰው የማያውቀው ክር ነው።

ከኮሚኒስት ሥርዓት ውድቀት በኋላ የሆነውም ቢሆን 2007ን አልጠበቀም። ሮማኒያ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቴምፐስ በተባለው የአውሮፓ የድጋፍ ፕሮግራም ታቅፋ ነበር፤ በዚያው አሥርተ ዓመት ማብቂያ ላይ ኢራስመስ የተባለውን የተማሪዎች ልውውጥ ፕሮግራም ተቀላቀለች፤ በጁን 1999 የአገሮችን የከፍተኛ ትምህርት ሥርዓት ለማቀራረብ የወጣውን የቦሎኛን መግለጫ ከፈረሙት 29 አገሮችም አንዷ ናት። የዲግሪ እርከኖችን ያስተካከለው ሕግ ቁጥር 288 የወጣው በ2004 ሲሆን፣ በዚህ አደረጃጀት መማር የጀመሩት ተማሪዎች የገቡት በ2005 ነው። ወደ ኅብረቱ ስትገባ የቤት ሥራዋን ሠርታ ነበር ማለት ነው።

«የቦሎኛ ሂደት የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ነው፤ ሥርዓተ ትምህርቱን የሚወስነውም ብራስልስ ነው»

የቦሎኛ ሂደት በመንግሥታት መካከል በፈቃደኝነት የተገባ ስምምነት እንጂ የኅብረቱ ሕግ አይደለም። አባላቱ 49 አገሮች ሲሆኑ ከእነርሱ መካከል ቱርክ፣ ጆርጂያና ካዛክስታን ይገኙበታል፤ ሩሲያና ቤላሩስም ተሳትፏቸው በ2022 እስኪታገድ ድረስ አብረው ነበሩ። የተስማሙት በማዕቀፍ ነው፦ ሦስት የዲግሪ እርከኖች፣ በጋራ የሚቆጠር ክሬዲት፣ የዲፕሎማ ማብራሪያ አባሪና የጥራት ማረጋገጫ ሥርዓት። ሮማኒያም በዚሁ መሠረት አራክስ የተባለውን የጥራት ማረጋገጫ ኤጀንሲዋን በ2005 አቋቁማለች። የክሉዥ የታሪክ ትምህርት ክፍል ምን እንደሚያስተምር የሚወስነው ግን ራሱ ዩኒቨርሲቲው በአገሩ ሕግ ሥር ሆኖ ነው።

«ዓለም አቀፍ ትብብር ማለት የመግባቢያ ሰነድ መፈራረም ነው»

ስሕተቱ የሚከፋው እዚህ ላይ ነው፤ የሮማኒያውያን ብቻም አይደለም። የአንድ ተቋም ትብብር በተፈራረማቸው ሰነዶች ብዛት ሲለካ በየአገሩ እናያለን። የመግባቢያ ሰነድ ግን በር የሚከፍት ወረቀት ነው፤ ሥራው የሚሠራው ከእርሱ በታች ባሉት፣ ማንም ፎቶግራፍ በማያነሣቸው ቅጾች ላይ ነው።

ከክሉዥ ወደ ቬኒስ ለአንድ ሴሚስተር የሚሄድ ተማሪ እንውሰድ። ተማሪው ከመነሣቱ በፊት «የትምህርት ስምምነት» የሚባል ቅጽ ይሞላል። በአንዱ ሠንጠረዥ ቬኒስ ውስጥ የሚወስዳቸው ኮርሶች ከነክሬዲታቸው ይሰፍራሉ፤ በሌላው ሠንጠረዥ ደግሞ እነዚያ ኮርሶች በክሉዥ የትኞቹን እንደሚተኩ ይጻፋል። ቅጹን ተማሪው፣ ላኪው ዩኒቨርሲቲና ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ሦስቱም ይፈርሙበታል። አንድ ሴሚስተር 30 ክሬዲት ነው፤ አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት የሚፈጅ የተማሪ ሥራን ይወክላል፤ በዚህም ውስጥ ክፍል ውስጥ የሚቀመጥበት ሰዓት ብቻ ሳይሆን የሚያነብበት፣ የሚጽፍበትና ለፈተና የሚዘጋጅበት ጊዜ ይቆጠራል። ተማሪው ቬኒስ ሲደርስ ሁለት ኮርሶች በአንድ ሰዓት ቢጋጩበት ወይም ኮርሱ በዚያ ሴሚስተር ባይሰጥ፣ ቅጹ ተሻሽሎ ሦስቱም እንደገና ይፈርማሉ። አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን ተማሪው ሲመለስ «ይህን ኮርስ አናውቀውም» ከሚል መምህር የሚያስጥለው ይኸው አሰልቺ ወረቀት ነው።

ከዚያ የውጤት ጉዳይ ይከተላል። ጣልያን ከ30 ታርማለች፤ ማለፊያውም 18 ነው። ሮማኒያ ከ10 ታርማለች፤ ማለፊያው 5 ነው። ተማሪው 27 ይዞ ቢመለስ፣ ለሦስት አካፍሎ 9 መስጠት ቀላል ይመስላል፤ በዚህ ስሌት ግን የጣልያኑ ማለፊያ 18 ወደ 6 ይቀየራል፣ በሮማኒያ ደግሞ 5 ያገኘም አልፏል። በዚህ ምክንያት የአውሮፓው የክሬዲት መመሪያ እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል ፈተናውን ካለፉት ተማሪዎቹ ስንት በመቶው የትኛውን ውጤት እንዳገኘ የሚያሳይ የሥርጭት ሠንጠረዥ እንዲያወጣ ይመክራል፤ ንጽጽሩ የሚደረገውም በሁለቱ ሠንጠረዦች መካከል ነው። ስለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ትብብር ጥልቀት ማወቅ የሚፈልግ ሰው በአዳራሹ የተሰቀሉትን ባንዲራዎች ከመቁጠር ይልቅ ይህ ሠንጠረዥ መኖሩን ቢጠይቅ ይሻለዋል።

«በጥምረት የተሳሰሩ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ተቋም ሆነዋል፤ የሚሰጡትም አንድ ዲፕሎማ ነው»

በ2017 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን በሶርቦን ባደረጉት ንግግር ያነሡት፣ የተለያዩ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎችን የማስተሳሰር ሐሳብ ተግባራዊ ሆኖ፣ የመጀመሪያዎቹ «የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች» ጥምረቶች በ2019 ተመረጡ። ባቤሽ-ቦያይ ዩቶፒያ በተባለው ጥምረት ውስጥ ይገኛል፤ አጋሮቹም በብራስልስ፣ በባርሴሎና፣ በጎተንበርግ፣ በልዩብልያና፣ በሊዝበን፣ በቬኒስ፣ በድሬስደንና በፓሪስ አቅራቢያ የሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች፣ እንዲሁም ከኅብረቱ ውጭ ካለችው እንግሊዝ የዋሪክ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። የቡካሬስት ዩኒቨርሲቲ ሲቪስ በተባለው፣ የያሽ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ኢሲቱዩ በተባለው ጥምረት ውስጥ ናቸው። መምህራኑ ኮርሶችን ያጣምራሉ፣ የዶክትሬት ተማሪዎችን በጋራ ያማክራሉ፣ ምርምር አብረው ይሠራሉ፤ ያም ሆኖ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የራሱ ሬክተር፣ በጀትና ሴኔት አለው። የጋራ ዲግሪ የሚሰጥባቸው ፕሮግራሞች ቢኖሩም የእያንዳንዱን አገር ሕግ ማሟላት ስላለባቸው ቶሎ አይበዙም።

«አውሮፓዊ መሆን ማለት በእንግሊዝኛ ማስተማር ማለት ነው»

የባቤሽ-ቦያይ ዋና መለያው በሮማኒያኛ፣ በሀንጋሪኛና በጀርመንኛ የሚሰጡ ሙሉ የትምህርት መስመሮች ያሉት መሆኑ ነው። ይህ ከብራስልስ የመጣ ምክር አይደለም፤ ከከተማዋ አስቸጋሪ ታሪክ የወጣ ነው። በ1872 የተከፈተው ዩኒቨርሲቲ የሀንጋሪኛ ነበር። ትራንሲልቫኒያ ከሮማኒያ ጋር ከተዋሐደች በኋላ፣ በ1919፣ የሮማኒያኛ ሆነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ሰሜን ትራንሲልቫኒያ ለሀንጋሪ ሲሰጥ ሮማኒያውያኑ መምህራን ወደ ሲቢው ከተማ ተሰደዱ፤ ከጦርነቱ በኋላ የሮማኒያኛውና የሀንጋሪኛው ዩኒቨርሲቲ ጎን ለጎን ቆሙ፤ በ1959 ደግሞ የኮሚኒስቱ መንግሥት ሁለቱን አዋሐዳቸው። ሀንጋሪያውያኑ ያን ውሕደት እስከ ዛሬ የሚያስታውሱት በቅሬታ ነው። የሁለቱ ሊቃውንት ስም በአንድ ሰረዝ ተያይዞ የቀረውም ከዚያ ነው። በእንግሊዝኛ የሚሰጡ ፕሮግራሞች አሉ፣ እየጨመሩም ነው፤ እንግሊዝኛው ግን ተጨምሮ የመጣ እንጂ የሌሎቹን ቦታ የወሰደ አይደለም። በሮማኒያኛ ለመማር የሚያመለክት የውጭ ተማሪ ቋንቋውን ካልቻለ በቅድሚያ የአንድ ዓመት የዝግጅት ትምህርት ይወስዳል።

«የሮማኒያ ዲግሪ በመላው አውሮፓ ያለ ጥያቄ ይሠራል»

እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይደባለቃሉ። ለቀጣይ ትምህርት የሚሰጥ ዕውቅና በ1997ቱ የሊዝበን ስምምነት የሚመራ ሲሆን፣ ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ መሠረታዊ ልዩነት ካላሳየ በቀር ዲግሪውን እንዲቀበል ይጠበቅበታል። ሐኪም፣ ነርስ፣ ፋርማሲስት ወይም አርክቴክት ሆኖ የመሥራት ፈቃድ ግን በ2005 በወጣው የሙያ ዕውቅና መመሪያ ይገዛል፤ የዚህ መመሪያ የመጀመሪያ ተጠቃሚዎች የኅብረቱ አገሮች ዜጎች ናቸው። በሮማኒያ ሕክምና የተማረ ኢትዮጵያዊ ጀርመን ሄዶ ለመሥራት ሲያስብ አብሮት የተማረው ሮማኒያዊ የማይጠየቀውን ሊጠየቅ ይችላል። ይህን ስድስት ዓመት ተምሮ ከመጨረስ በኋላ ማወቅ መራር ነው። ወደ አገር ቤት ለሚመለስም የአቻ ግምቱን የሚሠራው የኢትዮጵያ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፤ አውሮፓ ውስጥ ያለው ዕውቅና በራሱ አይሻገርም።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ሌላም አለ። ሮማኒያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በአባል አገሮቹ መካከል ያለ ድንበር ፍተሻ የሚንቀሳቀሱበት የሸንገን ቀጣና ሙሉ አባል ናት፤ ይህ ግን የሮማኒያ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ተማሪ በሌሎቹ አገሮች በ180 ቀናት ውስጥ እስከ 90 ቀን እንዲቆይ እንጂ ሄዶ እንዲኖርና እንዲሠራ አይፈቅድለትም።

«ኢራስመስ ለአውሮፓውያን ብቻ ነው»

በ1987 ሲጀመር እንደዚያ ነበር። ዛሬ ከኢትዮጵያ የሚያመለክት ሰው ሁለት መንገድ አለው። ኢራስመስ ሙንዱስ የሚባሉት የጋራ የማስተርስ ፕሮግራሞች ለማንኛውም አገር ዜጋ ክፍት ሲሆኑ፣ አመልካቹ ማመልከቻውን በቀጥታ ለፕሮግራሙ ያቀርባል። ለአንድ ሴሚስተር ሄዶ መመለስ የሚፈልግ ተማሪ ግን አሁን የሚማርበት ዩኒቨርሲቲ ከተቀባዩ ጋር የተፈረመና በጀት የተያዘለት የልውውጥ ስምምነት ሊኖረው ይገባል፤ ስለዚህ ወደ ክሉዥ ኢሜይል ከመላኩ በፊት የራሱን ዩኒቨርሲቲ የዓለም አቀፍ ግንኙነት ቢሮ በር ማንኳኳት አለበት።