ሒሳባዊ ሥነ ሕይወት በአማርኛ ውክፔዲያ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ሲጻፍ

ሒሳባዊ ሥነ ሕይወት የወረርሽኝን መዛመት፣ የእንስሳትን መብዛትና ማነስ፣ የሕዋሳትን ዕድገት በእኩልታ የሚመረምር ዘርፍ ነው። የዘርፉ ባለሙያ በበጎ ፈቃድ ለውክፔዲያ ሲጽፍ ከትርጉም ሥራው ይልቅ የሚከብደው ልማዱን መተው ነው። ሙያው አዲስ ሞዴል ሠርቶ አዲስ ድምዳሜ ማውጣት ሲሆን፣ ውክፔዲያ የሚቀበለው አስቀድሞ የታተመውን ብቻ ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል። የሚራራቁት 25 ኪ.ሜ. ገደማ ቢሆንም ደሴ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናቸው፤ በኢትዮጵያ ደግሞ ወባ የሚበረታው ከ2,000 ሜትር በታች ነው። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ በትንኟ ሆድ ውስጥ ለመብሰል የሚፈጅበት ጊዜ በተለመደው ቀመር 111ን ሙቀቱ ከ16 ዲግሪ በሚበልጥበት መጠን በማካፈል ይገኛል፤ በ20 ዲግሪ 28 ቀን፣ በ25 ዲግሪ 12 ቀን ገደማ ነው። በየቀኑ ከመቶ ዘጠናዎቹ ትንኞች ለማግስቱ ይተርፋሉ ከተባለ፣ ከ100ዎቹ 28 ቀን የሚቆዩት 5 ያህል፣ 12 ቀን የሚቆዩት 28 ያህል ናቸው። ይህ ተራ ስሌት ስለሆነ ከነቀመሩ ምንጭ ሊገባ ይችላል። «ኮምቦልቻን ከደሴ የለያት ይህ ነው» ማለት ግን የታተመ ጥናት ይጠይቃል፤ ትንኟ ቤት ውስጥ ስታርፍ የሚያገኛት ሙቀት የአየር ጠባይ ጣቢያው ከመዘገበው ይለያልና።

ጽሑፉ በመለማመጃ ገጽ ቢጀመር ይሻላል። ሐሳቡ በቃል ይቀድማል፣ ቀመሩ ይከተላል፣ ከሥሩ እያንዳንዱ ምልክት ከነመለኪያው ይፈታል። ከርማክና ማኬንድሪክ እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተሙት የወረርሽኝ ሞዴል የመተላለፊያው መጠን በቀን 0.4፣ የማገገሚያው መጠን በቀን 0.2 ቢሆን፣ የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል አንድ ሕሙም ሁሉም ተጋላጭ በሆነበት ሕዝብ ውስጥ በአማካይ 2 ሰው ያስይዛል። ማገገሚያው ሳይታሰብ በሳምንት ተሰልቶ 1.4 ተብሎ ከገባ ውጤቱ 0.29 ይሆናል፤ የሚዛመተው ወረርሽኝ እንደሚጠፋ ተደርጎ ይጻፋል። አንድ ሕሙም በአማካይ የሚያስይዛቸውን ሰዎች ቁጥር «የመዛመት ፍጥነት» ብሎ መተርጎምም ስሕተት ነው። ፍጥነት የጊዜ መለኪያ አለው፤ ይህ የለውም።

በእኛ አገር መረጃ የሚበላሸው ግን ከሁሉ ይልቅ በዘመን አቆጣጠር ነው። የጤና ሪፖርት በበጀት ዓመት፣ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ይሄዳል። የ2015 በጀት ዓመት በፈረንጆቹ ከ2022 አጋማሽ እስከ 2023 አጋማሽ ነው። ዝም ብሎ 8 የደመረ ሰው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለውን ዋናውን የወባ ወቅት አንድ ዓመት ወደፊት ይገፋዋል፤ ከዚያ የዝናብና የሕሙማን ግራፎች አይገጥሙም። ስለዚህ ወሩ ከሁለቱም አቆጣጠሮች ጋር ይጻፍ።

የራስን ጥናት በምንጭነት ለማስገባት ደግሞ ደራሲነትን ገልጦ በውይይት ገጹ መጠየቅና ውሳኔውን ለሌላ አዘጋጅ መተው ይገባል።