80 በመቶ ምንድን ነው? የካምፐር ቫን ጋዝ ጢም ተደርጎ የማይሞላው ለምንድን ነው?

በካምፐር ቫን፣ ማለትም አልጋና ማብሰያ ባለው መኪና የሚጓዙ ሰዎች ጋዝ ሲያስሞሉ ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። «ታንኩ 100 ሊትር ይይዛል፤ ለምን 80 ላይ አቆምከው?» ሠራተኛው አልሰሰተም፣ አላጭበረበረምም። ታንኩ ሞልቷል። የፕሮፔን ታንክ (ፕሮፔን ማለት ታንኩ ውስጥ በግፊት ፈሳሽ ሆኖ የሚቀመጠው የማብሰያ ጋዝ ነው) «ሞላ» የሚባለው 80 በመቶው በፈሳሽ ሲያዝ ነው። የቀረው 20 በመቶ ሆን ተብሎ የሚተው ቦታ ነው።

ለምን ይተዋል? ለሙቀት። ፈሳሽ ፕሮፔን ሲሞቅ ያብጣል፤ ያውም ከውሃ በብዙ እጥፍ። ጠዋት በ15 ዲግሪ 80 ሊትር አስሞላችሁ እንበል። ቫኑ ፀሐይ ላይ ቆሞ ታንኩ 45 ዲግሪ ቢደርስ ያው ፈሳሽ ወደ 88 ሊትር ይጠጋል። ቦታ ስላለው ችግር የለም። 95 ሊትር ተሞልቶ ቢሆንስ? ወደ 105 ሊትር ማበጥ ይፈልጋል፤ ታንኩ ግን 100 ነው። ፈሳሽ ደግሞ እንደ አየር ታምቆ ቦታ አይለቅም። ግፊቱ ያሻቅባል፣ የደህንነት ቫልቩ ይከፈትና ጋዙን ወደ ውጭ ይተፋል። በዚያች ሰዓት አጠገቡ እሳት ካለ ምን ሊከተል እንደሚችል አስቡት።

ባዶው ቦታ ሌላም ሥራ አለው። ስቶቩ የሚፈልገው ፈሳሹን ሳይሆን ከፈሳሹ በላይ የሚጠራቀመውን ጋዝ ነው። 1 ሊትር ፈሳሽ ፕሮፔን ወደ 270 ሊትር ገደማ ጋዝ ይሆናል። ታንኩ ከልክ በላይ ሞልቶ ፈሳሹ ራሱ ወደ መስመሩ ከገባ የምድጃው ነበልባል ከቁጥጥር ሊወጣ ይችላል።

80 መድረሱ በምን ይታወቃል? ብዙ ታንኮች ውስጥ ተንሳፋፊ አለ፤ ፈሳሹ ከፍ ሲል አብሮ ይነሳና መግቢያውን ይዘጋል። ይህ የሚሠራው ታንኩ በተሠራለት አቅጣጫ ሲቀመጥ ብቻ ነው። እንዲቆም የተሠራን ሲሊንደር አጋድሞ ማስሞላት ትልቅ ስህተት ነው።

እኔ ይበልጥ የማምነው ግን ቫልቩ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ብሎን ነው። ሲሞላ ሠራተኛው በካቻቢቴ ትንሽ ያላላታል። መጀመሪያ «ፍስስ» የሚል ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ የሚወጣው ጋዝ እምብዛም አይታይም። ፈሳሹ 80 ላይ ሲደርስ ግን ብሎኗ ነጭ ጉም መትፋት ትጀምራለች። ያኔ ወዲያው መቆም አለበት። «ትንሽ ጨምርልኝ» አትበሉ፣ እባካችሁ። እጃችሁንም አታስጠጉ። ፕሮፔን የሚፈላው ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ላይ ስለሆነ የተረጨው ፈሳሽ ቆዳን በቅዝቃዜ ያቃጥላል።

ከመሞላቱ በፊት ሞተር ይጠፋል፣ ሰውም የቤት እንስሳም ይወርዳል፣ በርና መስኮት ይዘጋል፣ ሲጋራ አይታሰብም። ስቶቭን ማጥፋት ማንም አይረሳም። የሚረሳው ፍሪጁ ነው። የብዙ ካምፐር ቫን ፍሪጅ በጋዝ ይሠራል፤ አንዳንዱም ማንም ሳይነካው በራሱ እሳት ይለኩሳል። የውሃ ማሞቂያውም እንደዚያው። ሁለቱንም ከማብሪያ ማጥፊያቸው አጥፏቸው።

ፕሮፔን ከአየር 1.5 ጊዜ ያህል ይከብዳል። ሲያመልጥ ወደ ላይ አይበንም፤ እንደ ውሃ ወደ ታች ይወርድና ወለል ላይ ይተኛል። አየር ውስጥ ከ2 በመቶ ትንሽ በለጥ ሲል ደግሞ ብልጭታ ይበቃዋል። ለዚህ ነው የጋዝ ጠቋሚው ጣሪያ ላይ ሳይሆን ወለሉ አጠገብ የሚገጠመው።

ከተሞላ በኋላ ቫልቩን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። በአንዴ ስትከፍቱት ከውስጥ ያለው መከላከያ፣ ቱቦ የተበጠሰ መስሎት፣ ጋዙን ሊዘጋው ይችላል። ከዚያ የሳሙና ውሃ መገጣጠሚያዎቹ ላይ ቀቡና ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱ። አረፋው ባለበት ከረጋ ጥሩ ነው። እያበጠ ከሄደ ጋዝ እያመለጠ ነው፤ ቫልቩን ዝጉና ከዚያው ሳትነሱ ለሠራተኛው አሳዩት።