የፅኑ ሕሙማን ክፍል ነርሶች የሥራ ጫናና ጤንነታቸው

በፅኑ ሕሙማን ክፍል (አይሲዩ) የነርስን ጫና በያዘችው አልጋ ብዛት መገመት የተለመደ ነው። የእንግሊዝ መመሪያ በቬንትሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ለሚተነፍስ ሕመምተኛ አንድ ነርስ ለብቻ ይመድባል፤ በካሊፎርኒያ ከ2004 ጀምሮ የሚሠራው ደንብ ለአንድ ነርስ ቢበዛ 2 ሕሙማን ይፈቅዳል (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ቁጥሩ ጥሩ መነሻ ነው። ሆኖም 2 የተረጋጉ ሕሙማንና 2 የደም ግፊታቸው የሚዋዥቅ ሕሙማን አንድ ዓይነት ሥራ አይደሉም።

በቬንትሌተር ላይ ያሉ 2 ሕሙማን የያዘች ነርስ በ12 ሰዓት ተራዋ የልብ ምት፣ የደም ግፊትና የኦክስጅን መጠን በየሰዓቱ ብትመዘግብ 24 ምዝገባ ነው። በየ2 ሰዓቱ ጎን ማዟዟሩ 12 ጊዜ ይሆናል፤ የመተንፈሻ ቱቦው እንዳይነቀል አንድ ሰው የሕመምተኛውን ራስ መያዝ ስላለበት ሁለተኛ ሰው ካልመጣ አይሠራም። አክታ ከመምጠጧ በፊት ኦክስጅን ትጨምራለች፣ መምጠጡም ከ15 ሰከንድ ማለፍ የለበትም። በዚህ መሐል የደም ግፊትን ከፍ የሚያደርገው የኖርአድሬናሊን ሲሪንጅ ሊያልቅ ይቃረባል። መድኃኒቱ በደም ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ በመሆኑ ከተቋረጠ ግፊቱ ወዲያው ይወርዳል፤ ስለዚህ ቀጣዩ ሲሪንጅ ቀድሞ ተቀድቶ፣ በሌላ ነርስ ታይቶ፣ ስም ተለጥፎበት መጠበቅ አለበት። ልክ ስትቀዳ የጎረቤት አልጋ አላርም ቢጮህ ትታው ትሮጣለች። ስትመለስ የት ላይ እንዳቆመች መያዝ ይቸግራታል፤ የመጠን ስህተት በቀላሉ የሚገባው በዚህች ክፍተት ነው።

ጊዜ ሲያጥር መድኃኒትና ቬንትሌተር አይታለፉም። የሚታለፉት አፍ ማጽዳት፣ ማዟዟርና ቤተሰብን ማነጋገር ናቸው። ጉዳታቸው ዘግይቶ በአልጋ ቁስልና በሳንባ ምች ይመጣል። በእኛ ግምት ነርሶችን ከድካሙ በላይ የሚሰብራቸው ይኸው ነው፤ መደረግ ያለበትን እያወቁ ሳያደርጉት ከተራ መውጣት። የሥነ ምግባር ፈላስፋው አንድሪው ጄምተን ይህን ሕመም በ1984 የሞራል ጭንቀት ብሎ ጽፎበታል።

ጫናው ሲቆይ ወደ መሰላቸት (በርንአውት) ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት እንጂ በሽታ አይደለም ብሎ መድቦታል። በ22 ጥያቄዎች የተዘጋጀው የማስላክ መለኪያ 3 ነገር ያያል፦ የስሜት መሟጠጥ፣ ከሕመምተኛው መራቅ፣ በሥራ ውጤት አለመርካት። መራቁ በንግግር ይታወቃል፤ በርክክብ ላይ የሕመምተኛው ስም ቀርቶ «አልጋ 4» ብቻ ይሆናል። በ2002 የታተመው፣ በአሜሪካ ፔንስልቬንያ ሆስፒታሎች በነርሶችና በቀዶ ሕክምና ሕሙማን ላይ የተሠራው የሊንዳ ኤይከን ጥናት በአንድ ነርስ ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ ሕመምተኛ የመሰላቸትን ዕድል በ23 በመቶ፣ ሕመምተኛው በ30 ቀን ውስጥ የመሞቱን ዕድል ደግሞ በ7 በመቶ ከፍ ከማለት ጋር መያያዙን አሳይቷል። የነርሷና የሕመምተኛው ደህንነት አብረው ነው የሚወርዱት።

ሥራውን ራሱን ለመለካት በ2003 የወጣው ናስ (NAS) የተባለው የነርስ ሥራ መለኪያ ይረዳል። በ23 የሥራ ዝርዝሮች ተሠርቶ ነጥቡ 100 ሲሞላ የአንድ ነርስ የ24 ሰዓት ሥራ ማለት ነው። ሁለት ሕሙማን እያንዳንዳቸው 80 ካመጡ ድምሩ 160 ነው፤ ለአንድ ሰው መስጠት አይገባም። ቤተሰብን ለ3 ሰዓትና ከዚያ በላይ መደገፍ ብቻውን 32 ነጥብ ይይዛል፤ በተራ ድልድል ላይ ግን ማንም አይቆጥረውም።

በኢትዮጵያ ደግሞ ሌላ ሥራ ይጨመራል። ማዕከላዊ የኦክስጅን መስመር በሌለበት 6,800 ሊትር ገደማ የሚይዘው ትልቁ ሲሊንደር በደቂቃ 10 ሊትር ሲወሰድበት 11 ሰዓት ያህል ብቻ ይቆያል፤ ጌጁን የምትከታተለው ተረኛዋ ናት። ከፋርማሲ የጠፋ መድኃኒት ለአስታማሚ ተጽፎ እስኪገዛ መጠበቁ፣ ገንዘብ ያጠረውን ቤተሰብ ማስረዳቱም በእርሷ ላይ ነው። ደመወዙ ስለማይበቃ ከአዳር ወጥተው በግል ክሊኒክ ተጨማሪ ተራ የሚይዙም አሉ።

የሚያግዘው ነገር ቀላል ነው፣ ሰው ግን ይጠይቃል። የራሱ ሕመምተኛ ያልተመደበለት አንድ አስተባባሪ ነርስ ካለ ለማዟዟር ሁለተኛ እጅ፣ ሲሪንጅ ለማየት ሁለተኛ ዓይን ይገኛል። የምሳ ዕረፍት የሚሠራው አልጋውን የሚረከበው ሰው በስም ሲጻፍ ነው፤ «ሲመችሽ ውጪ» ከተባለ አይወጣም። መድኃኒት የሚቀዳበትን ጥግ ከጥያቄና ከስልክ መከለል ስህተትን ይቀንሳል። ስለ ጭንቀት የሚሰጥ ሥልጠና ድልድሉ ሳይስተካከል ብዙም አይፈይድም፤ ከአዳር በወጡበት ቀን ከተጠራ ደግሞ የሚተኙበትን ሰዓት ይወስዳል።