ጎማ ማዟዟር በባሕር ዳር

ጎማ ማዟዟር ማለት የመኪና ጎማዎችን በየጊዜው ቦታ እያለዋወጡ ጥርሳቸው እኩል እንዲያልቅ ማድረግ ነው። በባሕር ዳር ሥራው የጎሚስታ ነው። ክሪክና የቡሎን ቁልፍ ያለው ባለመኪና ግን ደጁ ላይም ይሠራዋል።

ጣሊያን ባሕር ዳርን የያዘው በ1928 ዓ.ም. ነው። ወራሪው ሄዷል፤ ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ቸርኬ፣ ካላማዳሪ የሚሉት ቃላቱ ግን ቀርተዋል። በከተማዋ የመኪና ሙያ ታሪክ ቀጥሎ የሚነሳው ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ነው። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ተከፍቶ አግሮ ሜካኒክስን ጨምሮ የቴክኒክ ሙያ አስተማረ። በ1992 ዓ.ም. የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ። ዛሬም «ፖሊ» ነው የምንለው። ለጣና ዳር ሰው መፍቻ አያያዝን በወጉ ካስተማሩ ቤቶች ግንባር ቀደሙ እሱ ነው።

ጎማ እኩል የማያልቀው ሥራው እኩል ስላልሆነ ነው። የፊት ጎማ መኪናውን ያዞራል፤ ፍሬን ሲያዝም ክብደቱ እሱ ላይ ይጫናል። በቪትዝ ሞተሩ የሚያሽከረክረው ፊቱን ስለሆነ የፊቱ ቶሎ ይበላል። በዶልፊን ሚኒባስ የሚገፋው የኋላው ነው። ከደጀን ወደ ጎሐ ፅዮን የአባይ በረሃን ጠመዝማዛ የሚመላለስ መኪና ደግሞ የፊት ጎማው ጠርዝ ይፋቃል።

የተለመደው ልክ በየ8,000 እስከ 10,000 ኪሎ ሜትር ነው። አዲስ አበባ ስምንት ዘጠኝ ጊዜ ደርሶ መልስ ማለት ነው። በቪትዝ የፊቶቹ ጎናቸውን ሳይለቁ ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ የኋላዎቹ ጎን ተቀያይረው ወደ ፊት ይመጣሉ። በዶልፊን ተገላቢጦሽ ነው፤ የኋላዎቹ ቀጥታ ወደ ፊት፣ የፊቶቹ በመስቀለኛ ወደ ኋላ። ጎኑ ላይ የአዟዟር ቀስት ያለበት ጎማ ግን ከጎኑ አይወጣም።

ራዲያል ጎማ፣ ማለትም የዛሬው የተለመደ የመኪና ጎማ፣ ጎን መቀየር የለበትም የሚሉ አሉ። ያ የድሮ ምክር ነው፤ ቀስት ለሌለው የዛሬ ጎማ አይሠራም። ጥሩዎቹ ሁለት ጎማዎች የት ይሁኑ በሚለው ደግሞ ብዙ ሾፌር ከፊት ይላል፤ የጎማ አምራቾች ከኋላ ይላሉ። ሁለቱም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው።

ባጃጅ ለብቻው ይታያል። ሦስቱም ጎማ አንድ ልክ ነው። ሞተሩም ተሳፋሪውም ከኋላ ስለሆነ የኋላዎቹ ቀድመው ያልቃሉ። የፊቱን ወደ ኋላ፣ ስኮርታውንም በተራው ማስገባት ለባለባጃጁ ትልቅ እፎይታ ነው።

ከተዟዟረ በኋላ ነፋሱ በሾፌሩ በር በኩል በተለጠፈው ልክ ይስተካከላል፤ የፊቱና የኋላው ሊለያይ ይችላልና። ቡሎኑ በመስቀለኛ ይጠብቃል። ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው ወረታ ላይ ቆም ብሎ ቢያጠብቀው ደግ ነው።

ማዟዟር የማይፈታው ነገርም አለ። ሁለቱም ጠርዝ ከተበላ ነፋስ አንሷል፤ መሀሉ ከተበላ በዝቷል። አንድ ጠርዝ ብቻ ከሆነ አላይመንት (የጎማዎቹ አቋቋም ልክ) ይታይ። ጥርሱ 1.6 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ግን ጎማው አብቅቶለታል። በተለይ ክረምት ሳይገባ፣ የፎገራ ሜዳ መንገድ ውሃ ሳይተኛበት፣ መቀየር አለበት።