የሞተር ዘይት፦ 5,000 ወይስ 10,000 ኪሎ ሜትር?

የመኪናው መመሪያ «10,000 ኪሎ ሜትር ወይም 1 ዓመት» ሲል ቀድሞ የደረሰውን ማለቱ ነው፤ ያውም ለቀላል አነዳድ። በአዳማ ሙቀትና አቧራ ከፖስታ ቤት ፍራንኮ ሰፈር በአጭር በአጭሩ የምትመላለስ መኪና ግን «ከባድ አጠቃቀም» የሚባለው ውስጥ ትገባለች። ለእሷ ልኩ ብዙውን ጊዜ ግማሹ ነው፦ 5,000 ኪሎ ሜትር ወይም 6 ወር።

ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ሲጠፋ ያልተቃጠለ ነዳጅና እርጥበት ዘይቱ ውስጥ ይቀራል፤ ነዳጁ ዘይቱን ያቀጥነዋል፣ እርጥበቱ ዝቃጭ ያመጣል። መኪናው ቆሞ የሚሠራ ሞተርም ዘይቱን ያደክማል፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ግን አይቆጥረውም።

የዘይቱን መጥቆር አይታችሁ አትፍረዱ፤ ናፍጣ ሞተር ላይ አዲስ ዘይትም በቶሎ ይጠቁራል። የዘይት ፊልትሮውን (ማጣሪያውን) አብራችሁ ቀይሩ ፤ እሱን ለመቆጠብ ማለፍ ትርፍ የለውም። የዘይቱን መጠን መኪናዋን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁማችሁ፣ ሞተሩ ከጠፋ 5 ደቂቃ በኋላ ለኩ፤ በመለኪያው ዘንግ ላይ ካለው ታችኛው ምልክት ከወረደ የመቀየሪያውን ቀን ሳትጠብቁ ጨምሩ።